የመስከረሙ ጌሾ፦ በጎንደር በአንድ ቤት የጓሮ ጌሾ አቆራረጥና አደራረቅ ላይ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እናቴ ነበረች። ዳቦው ተደፍቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ እንግዶቹም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱን ሞልተውት ነበር። ጸሎት ተደርጎ መቅዳት ሲጀመር ግን በእኛ ቤት ታይቶ የማያውቅ ነገር ታየ፤ አንድም ሰው ሁለተኛ አላስቀዳም። በጎንደር የማኅበር ጠላ ተበላሽቷል ብሎ ደጋሿን በፊቷ የሚናገር የለም። ነገሩ የሚታወቀው እንግዳው መጠጡን ከግማሽ ላይ ትቶ ውሃ ሲጠይቅ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ከዐሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ሰባቱ ውሃ ጠየቁ። በማግስቱ ጠዋት እንስራው ከግማሽ በላይ እንደሞላ ተገኘ። እኔም ቀመስሁት፤ ምሬቱ ስስ ነው፣ ከምሬቱ በኋላ ግን ዝናብ የገባበት ጭድ የሚመስል ሽታ አፍንጫ ላይ ይቀራል።

እናቴ ጠላ መጥመቅ ከጀመረች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ለቤቷና ለማኅበሯ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት ድግስም በትእዛዝ ትጠምቃለች። ስለዚህ ጥፋቱን ከሙያ ማነስ ጋር ማያያዝ አይቻልም ነበር። በዚያ ጠላ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከራሳችን ጓሮ ተቆርጦ፣ በራሳችን በረንዳ ደርቆ፣ በራሳችን ሙቀጫ የተወቀጠው ጌሾ ነው። ይህን አምኖ ለመቀበል ግን ጊዜ ወስዶብናል፤ ለጓሮው ጌሾ የሁላችንም ልብ አድልቶ ነበርና። ከዚህ በታች የቀረበው ከዚያ ቀን ጀምሮ በማስታወሻ ደብተር የያዝሁትና ከእናቴ ጋር ደጋግመን የተነጋገርንበት ጉዳይ ነው።

ተክሉና ቦታው

ቤታችን ከመሀል ጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ይገኛል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ከአንድ የችግኝ ጣቢያ 12 የጌሾ ችግኞች ገዝተን ተከልን። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የጌሾ ዋጋ ይወጣል፣ የሚገኘውም ቢሆን ምን ያህል ጊዜ በጆንያ ውስጥ እንደቆየ አይታወቅም። ጌሾ በአገራችን ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው፤ ጎንደርም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይስማማዋል። በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ቅጠሉ በላይኛው ገጹ የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል፤ ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ወፎችም ይወዱታል።

ከ12ቱ 9 ጸደቁ። የሞቱት ሦስቱ በጓሮው ዝቅተኛ ጥግ የተተከሉት ናቸው፤ እዚያ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፣ ጌሾ ደግሞ እርጥበት ቢወድም ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። የተረፉት ከአጥሩ ሥር ባለው ተዳፋት ላይ ስለነበሩ ውሃው አልፏቸው ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ሳሙና የሌለበት የእህልና የአትክልት እጣቢ አጠጣናቸው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለጌሾ ተብሎ ንጹሕ ውሃ አይደፋም። በዓመት አንድ ጊዜ ፍግ ከማልበስ በቀር ሌላ እንክብካቤ አልተደረገላቸውም። በሦስተኛው ክረምት ከሰው ቁመት በላይ ሆኑ። ስለ ማሳደጉ ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም፤ ጌሾ ማሳደግ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው።

ምርመራው

ጠላ ሲበላሽ ቀድሞ የሚጠየቀው ዕቃው ነው። በግራዋ በደንብ ታሽቷል ወይ? በወይራ በቂ ጊዜ ታጥኗል ወይ? እናቴ ሁለቱንም እንዳደረገች እርግጠኛ ነበረች፤ ለቡሄ የተጠመቀው ጠላም በዚያው እንስራ ተጠምቆ አንድ ጠብታ አልተረፈም። ቀጥሎ ብቅሉ ተጠረጠረ፤ ብቅል በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ይሻግታልና። ነገር ግን ከዚያው ብቅል ጠዳ የምትኖረው አክስቴ ተካፍላ ወስዳ በዚያው ሳምንት ጠምቃ ነበር። ስልክ ደወልን፤ ጠላዋ እንደ ልማዱ ጥሩ ነበር፤ የተጠቀመችው ጌሾ ግን ከገበያ የተገዛ ነው። በሁለቱ ጠላዎች መካከል የነበረው ልዩነት ወደ አንድ ነገር ጠበበ።

ያም ሆኖ እናቴ በቃል ብቻ የምታምን አይደለችም። ስለዚህ ሦስት ብርጭቆ አዘጋጀን። በመጀመሪያው ከጓሮው ጌሾ የተወቀጠውን፣ በሁለተኛው ከቅዳሜ ገበያ የተገዛውን፣ በሦስተኛው ደግሞ በዚያው ሰዓት ከዛፉ የተቀነጠሰ እርጥብ ቅጠል ጨፍጭፈን፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርገን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሞላንባቸውና ከድነን አሳደርናቸው። ጠዋት የገበያው ውሃ ቢጫ ወደ ቡናማነት ያደላ ነበር፤ ምሬቱም ወዲያው ሳይሆን ምላስ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣ ነው። የእርጥቡ ቅጠል ውሃ ሣር ሣር ቢሸትም ንጹሕና መራራ ነበር። የጓሮው ደረቅ ጌሾ ግን ጥቁር ቡናማ ውሃ ሰጠ፤ ምሬቱ ከሁለቱም ያነሰ፣ ሽታው ደግሞ ያው የማኅበሩ ጠላ ሽታ ነው። እናቴ ብርጭቆውን አስቀምጣ «ዛፉ አልበደለም፤ እኛ ነን የበደልነው» አለች። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከቆረጥንበት ቀን እስከ ወቀጥንበት ቀን ባሉት ቀናት ምን እንደተደረገ ወደ መመርመር ተሸጋገረ።

የቆረጥነው ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነበር። በዚያ ጊዜ ቅጠሉ ለምለምና ብዙ ስለሆነ ዐይን ይስባል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ሌሊት ዘንቦ ስላደረ ቅርንጫፎቹን የቆረጥናቸው ውሃ እንዳዘሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ሁሉንም በረንዳ ላይ ከምረን ሸራ አለበስናቸው፤ በሚቀጥሉት ስድስት ቀናትም ሸራው የተገለጠው ፀሐይ በወጣችባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው አይሞትም፤ ለተወሰነ ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። ያ ሙቀት በክምር ውስጥ መውጫ ሲያጣ ቅጠሉን እንደ መቀቀል ያደርገዋል፤ እርጥበቱ ደግሞ ሻጋታን ይጠራል። እርጥብ ሣር ከምሮ እጁን ወደ መሀል የከተተ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። እኛም በአምስተኛው ቀን ክምሩ ሲገለጥ መሀሉ ለብ ማለቱን አስተውለን ነበር፤ ነገር ግን «እየደረቀ ነው» ብለን ተረጎምነው። ቅጠሉ ጠቁሮ ሲወጣም እናቴ የጠቆረው የበረታ ጌሾ ይሆናል ብላ ደስ ብሏት ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም ስሕተቶች የከፋው ይህ አተረጓጎም ነው፤ ክምሩ እየተበላሸ መሆኑን በሙቀቱም በቀለሙም ነግሮን ሳለ በምሥራች ቆጠርነውና።

ሁለተኛው አቆራረጥ

ዘጠኙን ግንድ በሦስት ረድፍ ከፍለን በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ ለመቁረጥ ቀድመን ወስነን ስለነበር፣ ኅዳር ላይ ሁለተኛው ረድፍ እጃችን ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ጠርቷል። ካለፈው ጥፋት የተማርነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርጥበት ጠላት ነው። ስለዚህ ወደ ሌላው ዳር ሮጥን፤ ቅርንጫፎቹን ከነቅጠላቸው በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዘረጋናቸው። ቆርቆሮው በቀትር እጅ ያቃጥላል። በሁለት ቀን ውስጥ ቅጠሉ ሲነካ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ሆነ፤ ነፋሱ ጥቂቱን ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰደው፣ የመንገዱ አቧራም የቀረውን አለበሰው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉንም ቀጫጭን እንጨቱንም አንድ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ከትተን አፉን ጥርቅም አድርገን አሰርን።

በሁለት ሳምንቱ ከረጢቱ ሲፈታ ከላይ ያለው ቅጠል ደህና ነበር። እጄን ወደ ታች ስሰድ ግን ቅጠሉ መንኮሻኮሹን ትቶ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ያንን የምናውቀውን ሽታ መሽተት ጀምሯል። ደርቆ የገባ ቅጠል እንዴት ተመልሶ ይረጥባል? ከረጢቱ ዝናብ አላየም፣ መሬትም አልነካም፤ በመደብ ላይ ነበር።

መልሱ የተገኘው በቅዳሜ ገበያ ነው። እናቴ ከላይኛው ደህና ቅጠል ጥቂት ከእንጨቱ ጋር በፌስታል ይዛ ጌሾ የምትሸጥ ደንበኛዋ ዘንድ ሄደች። ነጋዴዋ ቅጠሉን በጣቶቿ አፍርሳ አሸተተችው፤ ምንም አላለችም። ከዚያ እንደ እርሳስ የወፈረውን እንጨት አንሥታ በሁለት እጇ አጎበጠችው። እንጨቱ ጎበጠ፣ ልጡ ተሰነጠቀ፣ ግን አልተሰበረም። «እማማ፣ ቅጠሉስ ደርቋል፤ እንጨቱ ነው ያልደረቀው። ይኸው ይስበሩት እስቲ» አለችና ከራሷ ጆንያ አንድ እንጨት አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ያኛው ገና ሲጎብጥ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። ነገሩ ይህ ነበር፤ ቅጠል ስስ ስለሆነ በሁለት ቀን ውሃውን ይጨርሳል፣ እንጨት ግን ውሃውን በልጡ ውስጥ ይዞ ይቆያል። ሁለቱ በአንድ ከረጢት ሲታሰሩ እንጨቱ የያዘውን እርጥበት ቀስ በቀስ ለደረቀው ቅጠል ያካፍለዋል። የቅጠሉን መንኮሻኮሽ ብቻ አይቶ ከረጢት ያሰረ ሰው የራሱን ጌሾ በራሱ እጅ ያረጥበዋል ማለት ነው።

ስለ ሆፕ የተነሣው ጥያቄ

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ደውሎ ስለ ሆፕ ያነበበውን ነገረኝ። ሆፕ ለፋብሪካ ቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ተክል ነው፤ በውጭ አገር ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች በጓሯቸው ይተክሉታል። ወንድሜ «ጌሾው ካስቸገራችሁ ለምን ሆፕ አትሞክሩም?» አለ። ጥያቄውን የማነሣው መልሱ ለእኛ ጉዳይ ስለጠቀመ ነው።

ሆፕ ከጌሾ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ሆፕ ክር ይዞ ከአምስት ሜትር በላይ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን በየዓመቱ የብርድ ወቅት ሲገባ እስከ መሬት ደርቆ ብርዱ ሲያልፍ ከሥሩ እንደገና ይበቅላል፤ ለቢራ የሚፈለገውም ቅጠሉ ሳይሆን የእንስቷ ተክል አበባ ነው። ተክሉ በደንብ አድጎ አበባ እንዲያዝ ረጅም የቀን ብርሃን ይፈልጋል፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተውም ከምድር ወገብ በ35 እና በ55 ዲግሪ መካከል ባሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጀርመን ሃለርታው፣ በቼክ ዣቴትስና በአሜሪካ ያኪማ ሸለቆ ነው። ጎንደር በ12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙ ቀናችን 13 ሰዓት አይሞላም። ሆፕ በእንዲህ ያለ አጭር ቀን ገና ሳያድግ ወደ ማበብ ይሄዳል፤ ምርቱም ትንሽ ይሆናል። የአገራችን የቢራ ፋብሪካዎች ሆፕ ከውጭ የሚያስመጡትም በከንቱ አይደለም። ከዚህም ሌላ ሆፕ ምሬቱን ለመስጠት መፍላት አለበት፤ በውስጡ ያሉት አልፋ አሲድ የሚባሉ ነገሮች በፍላት ካልተለወጡ በቀር በቢራው ውስጥ በሚገባ አይሟሙም። የጠላ ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ይመራል። ኬሚስቶች ጌሾይዲን ብለው የሰየሙት የጌሾ መራራ ንጥረ ነገር ስኳር የተያያዘበት ውሁድ ነው፤ ያለ ፍላት በውሃ መሟሟቱም ለዚህ ይመስላል። ለእናቴ ይህን ስነግራት «እና እኔ በፍላት ልጀምር?» ብላ ሳቀች፤ የሆፕ ወሬም በዚያው አበቃ።

ከወንድሜ ንባብ የቀረልን ግን የአደራረቁ ነገር ነው። የሆፕ አበባ ሲቆረጥ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ለማከማቸት ወደ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። የአበባው ቅጠሎች ቀድመው ሲደርቁ መሀል ያለችው ቀጭን እንጨት ግን ትዘገያለች፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቅጠሉን ሳይሆን ያችን እንጨት ይሰብራሉ። የቅዳሜ ገበያዋ ነጋዴ እናቴን ያስተማረቻት ይኸንኑ ነው፤ አንድም የሆፕ ማሳ አይታ አታውቅም። ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው፤ የሚደርቀውን በየቀኑ መዝኖ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም መድረቁን ማወቅ። ይህን ማንም ባልቴት አላስተማረንም፤ ከሆፕ ሰዎች ወሰድነው።

ሦስተኛው አቆራረጥ

የካቲት 2015 ዓ.ም. ሦስተኛውን ረድፍ ቆረጥን። ከጥምቀት በፊት ለመቁረጥ አስበን ነበር፤ ነገር ግን በጥር ሠርጉና በዓሉ ተደራርቦ በቤት ውስጥ የሚታገዝ እጅ ስለጠፋ ወደ የካቲት ተሸጋገረ። አሁን ሳየው መዘግየቱ ጠቅሞናል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጤዛው ፈጽሞ ደርቆ ቅጠሉ በእጅ ሲዳሰስ ውሃ የለበትም።

በዚያው ቀን ቅጠሉን ከእንጨቱ ለየነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ከሦስት ግንድ ለወጣው ቅጠል ሦስት ሰው ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀምጦ ቀነጠሰ። በመስከረምና በኅዳር የዘለልነው ይህን ነበር። የተቀነጠሰው ቅጠል 6 ኪሎ መዘነ። ሰሌኑን በበረንዳው ላይ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገን ዘርግተን፣ ቅጠሉን ከሁለት ጣት ውፍረት ሳይበልጥ አሰጣነው፤ ጠዋትና ማታ እየገለበጥን፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ግን ነፋስ እንዲያልፍበት አደረግን። በየማታው አንድ ሰዓት ላይ፣ ማለትም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ጊዜ፣ በእህል መመዘኛዋ ሚዛን መዘንነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ 4 ኪሎ ከ300 ግራም፣ በሁለተኛው 3 ኪሎ ከ100፣ በሦስተኛው 2 ኪሎ ከ500፣ በአራተኛው 2 ኪሎ ከ200፣ በአምስተኛው 2 ኪሎ ከ100 ሆነ። በስድስተኛው ቀን ማታም 2 ኪሎ ከ100 ነበር። እናቴ ሚዛኑን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ አንድ እፍኝ አንሥታ ጨበጠችው፤ ሲፈርስ የሚሰማው ድምፅ ከኅዳሩ የተለየ አልነበረም፤ ቀለሙ ግን አረንጓዴነቱን አልለቀቀም።

እንጨቱ በሌላ ሰሌን ላይ፣ በስንዝር ልክ ተቆርጦ፣ ለብቻው ደረቀ። ቀጭ ብሎ ለመሰበር ዘጠኝ ቀን ፈጀበት።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይና ስለ ጥላ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በጥላ የደረቀ ጌሾ ብቻ ነው ጥሩ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በገበያ የሚሸጠው ጌሾ በአብዛኛው ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፣ ጎንደርም ስትጠጣው የኖረችው ይህንኑ ጠላ ነው። ለነጋዴ ብዙ ጌሾ በጥላ ማድረቅ ቦታም ጊዜም አይበቃውም። ለእኛ ግን የሚደርቀው ጥቂት ኪሎ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢጨመር የሚጎዳን የለም፤ አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ቅጠል ላይ ደግሞ ሻጋታ ወይም ጥቁረት ቢጀምር ወዲያው ይታያል። ጥላን የመረጥነው ለዚህ ነው።

መጠኑ

ጉዳዩ እዚህ የሚያበቃ መስሎን ነበር፤ አላበቃም። በመጋቢት የተጠመቀው ጠላ ምንም መጥፎ ሽታ አልነበረውም፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ መረረ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ እንደምታደርገው ለአንድ እንስራ ሦስት ጣሳ የተወቀጠ ጌሾ ነበር የጠነሰሰችው። ማኅበርተኞቹ በዚህ ጊዜ ውሃ አልጠየቁም፤ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ከመካከላቸው አንዷ ደፍራ «ይህስ ኮሶ ነው» ብላ ቀለደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ሦስት ጣሳ የተለካው በገበያ ጌሾ ነው። ከገበያ የገዛነውን አንድ ኪሎ በወንፊት ነፍተን ለየብቻ ስንመዝነው 300 ግራም ያህሉ የእንጨት ስብርባሪና አፈር ሆኖ ተገኘ። እንጨቱ ቆሻሻ ነው ማለቴ አይደለም፤ እናቴ ራሷ ድፍድፉ ላይ እንጨቱን ሆን ብላ ትጨምራለች፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ነው የሚመረጠው። ሆኖም ከቅጠሉ ይልቅ ምሬቱ ለስለስ ያለ ነው። የእኛ ጣሳ ግን ንጹሕ ቅጠል ብቻ፣ ያውም ገና አዲስ የደረቀና እንደ ዱቄት የደቀቀ ነበር። ስለዚህ ሦስት ጣሳ ስንል በስም ያው፣ በምሬት ግን ሌላ መጠን እየጨመርን ነበር። የእጅ ልክ ትክክል የሚሆነው የሚለካው ነገር ሳይለወጥ ሲቆይ ነው፤ እናቴ ጌሾዋን ለውጣ ልኳን አልለወጠችም።

መጠኑን ለማግኘት ሦስት ትንንሽ ጥንስስ በሁለት ሊትር ጠርሙሶች አዘጋጀን፤ በአንዱ የቀድሞውን መጠን በሙሉ፣ በሌላው ሁለት ሦስተኛውን፣ በቀረው ግማሹን። ብቅሉና ውሃው እኩል ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ለሁለት ጎረቤቶች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳንነግራቸው አቀመስናቸው። ሁለቱም መሀለኛውን መረጡ። እናቴ ግን ግማሹ የተጨመረበትን መረጠች፤ ምክንያቷም የዕድሜ ነው ብላ ራሷ ሳቀች። በመጨረሻ ሁለት ጣሳ ቅጠልና አንድ እፍኝ እንጨት ሆነ፤ ለ2015 ፋሲካ የተጠመቀው ጠላ በዚህ መጠን ነው፤ በዓሉ ሳያልፍ አለቀ፣ ቅራሪውም ቢሆን ለማግስቱ አልተረፈም።

አሁን ያለበት

ከዚያ ወዲህ መስከረም ላይ ጌሾ አይቆረጥም። የመጀመሪያው ረድፍ ኅዳር አጋማሽ፣ ሁለተኛው ጥር መጨረሻ፣ ሦስተኛው መጋቢት ይቆረጣል። ግንዱ ከጉልበት በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ስለሚቆረጥ በሚቀጥለው ክረምት ከየጎኑ አዳዲስ ቀንበጦች ያወጣል። የደረቀው ቅጠል ሳይወቀጥ በጆንያ ይቀመጣል፤ የሚወቀጠው ለሚጠነሰሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተወቀጠ ጌሾ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ እርጥበትም ቶሎ ይስባል። ጆንያው በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ተፈትቶ ከሥሩ አንድ እንጨት ይወጣና ይሰበራል። ለ2016 ጥምቀት ከአዲስ አበባ ለመጡ ዘመዶች የተጠመቀው ሦስት እንስራ ሙሉ በሙሉ በጓሮው ጌሾ ነበር፤ ያም ሆኖ ዘጠኙ ግንድ ዓመቱን ሙሉ ለሚታዘዘው ሁሉ አይበቃም፤ ለትእዛዝ ጠላ አሁንም ከቅዳሜ ገበያ እንገዛለን፣ ከዚያችው ነጋዴ።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። እናቴ ለጋው ቅጠልና ያረጀው ቅጠል አንድ ዓይነት ምሬት የላቸውም ትላለች፤ ለጋው ሹል፣ ያረጀው ክብ ነው እያለች። እኔ ልዩነቱን መለየት አልቻልሁም። ስለዚህ በመጨረሻው አቆራረጥ የቅርንጫፉን ጫፍና የታችኛውን ቅጠል ለየብቻ አድርቀን በሁለት ጆንያ አስቀምጠናል፤ በአንዱ ጆንያ አፍ ላይ ቀይ፣ በሌላው ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ባለፈው ማክሰኞ ከሁለቱም እኩል መዝነን በሁለት ጠርሙስ ጠንስሰናል፤ ብቅሉ የሚገባው ነገ ነው።